የምጽዋ ወደብ የሰጠሙ መርከቦችና የአየር ጉልበት

መተማ ሲባል በተማሪዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነትና የዐፄ ዮሐንስ መውደቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የድንበሩን ታሪክ ብዙውን ጊዜ አልፈነው እንሄዳለን። ይሁን እንጂ ከመተማ በስተምዕራብ ያለው የገዳሪፍ አገር ከ50 ዓመታት በኋላ እንደገና የጦር መነሻ ሆኗል። በዚያ በኩል የተጀመረው ዘመቻ ያበቃው በቀይ ባሕር ዳርቻ በምጽዋ ነው። በምጽዋ ደግሞ ከጦርነቱ ማግሥት አንድ ሌላ ሥራ ተሠርቷል፤ ለታሪክ መምህሩም ለፊዚክስ መምህሩም የሚጠቅም ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በእርሱ ላይ ነው። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንጽፍ ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ስንጽፍ እ.ኤ.አ. ብለናል።

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ከሰላንና ገላባትን ያዘ። ገዳሪፍ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት ከተማ በመሆኗ ለእንግሊዝ ጦር የስንቅና የመሣሪያ ማከማቻ ሆና አገለገለች። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በገላባትና በመተማ ላይ የተደረገው የመልሶ ማጥቃት ብዙም አልሠመረም። ዋናው ግፊት የመጣው በከሰላ በኩል ነው። ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በጄኔራል ዊሊያም ፕላት የሚመራው ጦር ወደ ኤርትራ ገሠገሠ፤ በማግሥቱ ጥር 12 ቀን ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከረን ከብዙ ሳምንት ብርቱ ውጊያ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ወደቀች። አሥመራ መጋቢት 23 ቀን፣ ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን ተያዙ።

የምጽዋ አዛዥ የነበረው አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ከተማውን ከማስረከቡ በፊት አንድ ነገር ሠርቶ ነበር። በወደቡ ተጠግተው የቆሙትን የኢጣሊያና የጀርመን መርከቦች በመስመር አሰልፎ አሰጠማቸው። የውኃ ማስገቢያ ቫልቮች ተከፈቱ፤ በየመርከቡ ሆድ ቦምብ ተቀበረ፤ መርከቦቹም አንዱ ከሌላው ጎን በወደቡ መግቢያዎች ላይ ተኙ። ሁለት ተንሳፋፊ የመርከብ ማደሻዎችም አብረው ሰጠሙ። በባሕር ኃይሉ ግቢ የነበሩት የብረታ ብረት ሥራ መኪናዎች ደግሞ በከባድ መዶሻ ተሰባበሩ። ወደቡ ለአሸናፊው እንዳይጠቅም የታሰበ ሥራ ነበር፤ ለአንድ ዓመት ያህልም እንደታሰበው ሆነ።

በነገራችን ላይ መርከብን በገዛ እጅ ማስጠም በቀይ ባሕር የተጀመረው በምጽዋ አይደለም። ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ በገባችበት ቀን፣ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ «ኡምብሪያ» የተባለው የኢጣሊያ ጭነት መርከብ በፖርት ሱዳን አጠገብ በእንግሊዞች እጅ ሊወድቅ ሲል የራሱ አዛዥ አስጥሞታል። በሆዱ የነበረው ብዙ ሺህ ቶን ቦምብ ነው። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

የምጽዋ ወደብ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጠላቂዎች በእስክንድርያ ወደብ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን፣ «ክዊን ኤልሳቤጥን»ና «ቫሊያንትን»፣ ፈንጂ አጥምደው ጎዱ። ሰኔ 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ቶብሩክ በጀርመኖች እጅ ገባች፤ እስክንድርያም በአውሮፕላንና በታንክ ክልል ውስጥ ሆነች። በሜዲትራኒያን ምሥራቅ የሚዋጉት መርከቦች ቢጎዱ የት ይታደሳሉ? የመርከብ ሆድ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ካልተፋቀና ካልተቀባ በባሕር ተክልና በቅርፊታም ተውሳክ ይሸፈናል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ከጠላት አውሮፕላን የራቀ የማደሻ ሥፍራ አስፈለገ። ምጽዋ ሩቅ ነበረች፤ ነገር ግን ማደሻዋ በባሕር ወለል ላይ ተኝቷል።

አሜሪካ ለእንግሊዝ በምትሰጠው የጦር እርዳታ መሠረት የባሕር ኃይሏን ሰው ኤድዋርድ ኤልስበርግን ወደ ምጽዋ ላከች። መጋቢት 1934 ዓ.ም. ሲደርስ መርከብ ማንሻ ጀልባዎቹና መሣሪያዎቹ ገና ከአሜሪካ አልመጡም ነበር። የነበሩት ጠላቂዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኤልስበርግ ግን ለሥራው አዲስ አልነበረም። «ኤስ 51» የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ መስከረም 25 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ 40 ሜትር በሚያህል ጥልቀት ስትሰጥም የማንሣቱን ሥራ የመራው እርሱ ነበር።

ከባሕር በታች ከባድ ዕቃን በታሰበው ቦታ ማኖርና በታሰበው ጊዜ ማንሣት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለማየት በዚህች ሰርጓጅ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ሰርጓጇን ለማንሣት የተመረጠው ዘዴ በጎኖቿ ፖንቱን የሚባሉ ግዙፍ የብረት በርሜሎችን ማሰር ነበር። በርሜሎቹ በመጀመሪያ ውኃ ተሞልተው ይሰጥማሉ፤ ከሰርጓጇ ሆድ ሥር በሚያልፍ ሰንሰለት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ፤ ከዚያ በኋላ አየር ሲነፋባቸው ውኃው ወጥቶ ሸክሙን ያነሣሉ። በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሰንሰለቱን ለማሳለፍ ግን ጠላቂው በጨለማና በብርድ ከመርከቧ ሥር ጭቃውን እየቦረቦረ ዋሻ መሥራት አለበት። በብርቱ ግፊት ውኃ የሚተፋ ቱቦ ሲይዝ ደግሞ ውኃው ወደፊት በወጣ ቁጥር ራሱ ጠላቂው ወደኋላ ይወረወራል፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ይኸው ነው። መፍትሔው ከዋናው ቀዳዳ በተጨማሪ ወደኋላ የሚተፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት የቱቦ አፍ መሥራት ሆነ። ሁለቱ ግፊቶች ተመዛዘኑ፤ ጠላቂውም ባለበት ቆሞ መቦርቦር ቻለ። በውኃ ውስጥ ብረት የሚቆርጠውን ነበልባልም ኤልስበርግ በዚሁ ሥራ ምክንያት አሻሽሎታል፤ ነበልባሉን በታመቀ አየር በመክበብ ውኃው እንዳይነካው የሚያደርግ ነው።

ሌላው ችግር የአየር ጠባይ ነው። 40 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ጠቅላላው ግፊት ወደ 5 አትሞስፌር ይጠጋል። በከፊል ብቻ በአየር የተሞላ በርሜል ከዚያ ጥልቀት መነሣት ሲጀምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየሩ ይሰፋል፤ ተጨማሪ ውኃ ይገፋል፤ በርሜሉም የበለጠ ይቀልላል። በቀለለ ቁጥር ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይሰፋል። ማቆሚያ የለውም። በሰኔ 1926 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህን የመሰለ ነው፤ የሰርጓጇ ፊት ሳይታሰብ በማዕበል መካከል ብቅ አለ፤ ሠራተኞቹም የለፉበትን መልሰው አሰጠሙት። ሐምሌ 5 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. በመጨረሻ ተነሥታ ወደ ኒውዮርክ ተጎተተች። የቦይልን ሕግ ለክፍል ስናስተምር በመርፌ ቱቦ ከማሳየት ጋር ይህን ታሪክ ብንነግር ተማሪው ሕጉን የሚረሳ አይመስለንም።

እንግዲህ ኤልስበርግ ይህን ልምድ ይዞ ነው በምጽዋ የሰጠመውን ታላቁን ማደሻ የተመለከተው። ተንሳፋፊ ማደሻ ማለት ከፊትና ከኋላ ክፍት የሆነ፣ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ግድግዳ ያለው፣ ወለሉም ግድግዳውም ባዶ ክፍሎች የሆኑ ግዙፍ የብረት ሣጥን ነው። ክፍሎቹ ውኃ ሲሞሉ ዝቅ ይላል፤ መርከብ በመካከሉ ይገባል፤ ውኃው ሲወጣ ማደሻው መርከቧን በጀርባው ተሸክሞ ብቅ ይላል። በምጽዋ የነበረው ታላቁ ማደሻ ርዝመቱ 180 ሜትር ያህል ነበር። ኢጣሊያኖች በየክፍሉ ቦምብ አፈነዱበትና የታችኛው ወለል ተቀዳደደ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች አይተውት ነበር፤ ውሳኔያቸውም ማንሣቱ አይቻልም የሚል ነው።

ውሳኔው ሞኝነት አልነበረም። የተለመደው መንገድ ቀዳዳውን መድፈንና ውኃውን በፓምፕ ማውጣት ነው። ማደሻው ግን በሆዱ ተኝቷል፤ ቀዳዳዎቹ ከሥሩ ናቸው፤ ጠላቂ ከሥሩ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ቀዳዳው ካልተደፈነ ፓምፑ የሚያወጣውን ያህል ባሕሩ ይመልሳል። በዚህ አስተሳሰብ ከሄድን መደምደሚያው ትክክል ነው።

ኤልስበርግ ያነሣው ጥያቄ ሌላ ነበር። የታችኛው ወለል ቢቀደድም ጣሪያውስ ደህና ነው ወይ? አየር ከውኃ ስለሚቀልል ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሸሽም። ጣሪያው አየር የማያስወጣ ከሆነ በክፍሉ ውስጥ የሚነፋው አየር ከላይ ይከማቻል፤ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል፤ ውኃውም በዚያው ቦምቡ በቀደደው ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳው እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ መውጫ በር ሆነ ማለት ነው። እንዲያውም ቀዳዳው ባይኖር ኖሮ ሌላ መውጫ መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ የጠላቂዎቹ ሥራ ከሥር ሳይሆን ከላይ ሆነ፤ በላይኛው በኩል ያለውን ክፍተት ሁሉ እየፈለጉ መድፈን፣ ከዚያም ቱቦ ማግባት።

ለዚህ የሚበቃ የአየር መጭመቂያ በምጽዋ አልነበረም፤ ከያለበት ተለምኖና ተለቃቅሞ መጣ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሒሳቡን ራሳቸው እንዲያወጡት ማድረግ ይቻላል። 10 ሜትር የባሕር ውኃ የሚጫነው ከ1 አትሞስፌር እምብዛም አይበልጥም። በወደብ ጥልቀት ያለን ውኃ ለመግፋት እንግዲህ የመኪና ጎማ ለመንፋት ከሚያስፈልገው የበለጠ ግፊት አያሻም። የሚያሻው ብዛት ነው። 1 ሜትር ኩብ አየር በገባ ቁጥር ከ1 ቶን ጥቂት የሚበልጥ የማንሻ ኃይል ይገኛል፤ በሺህ የሚቆጠር ቶን ለማንሣት በሺህ የሚቆጠር ሜትር ኩብ አየር ሌሊትና ቀን መንፋት ነው። ትናንሽ መጭመቂያዎች ይህን ለመሥራት ጊዜ እንጂ ጉልበት አያንሳቸውም። ማደሻው በግንቦት 1934 ዓ.ም. በ9 ቀን ሥራ ከባሕሩ ወለል ተነሣ።

ታዲያ ይህ ዘዴ ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበርን? ይታወቅ ነበር፤ ያውም ከሁሉ በላይ በእንግሊዝ አገር። ሰኔ 21 ቀን 1919 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች የተማረከውን የጦር መርከባቸውን ሁሉ በስኮትላንድ ሰሜን ስካፓ ፍሎው በተባለ ሥፍራ በገዛ እጃቸው አስጥመው ነበር። ኧርነስት ኮክስ የተባለ፣ መርከብ አንሥቶ የማያውቅ የቁራጭ ብረት ነጋዴ ገዛቸውና ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያነሣ ሸጣቸው። ከእነዚህ አንዱ «ሞልትኬ» የተባለው ተገልብጦ የሰጠመ ታላቅ የጦር መርከብ ነው። ኮክስ አላቃናውም፤ እንደተገለበጠ ሆዱን ጣሪያ አድርጎ አየር ነፋበትና በ1927 እ.ኤ.አ. አንሣፈፈው። የምጽዋው ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ማደሻው አለመገልበጡ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው ለማለት አንደፍርም። ዕውቀቱ በአንድ አገር መኖሩ በሌላው ሥፍራ፣ በሙቀትና በጦርነት መካከል፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ለማስታወስ ዋስትና አይሆንም።

ይህን ታሪክ የምናውቀው ባብዛኛው ኤልስበርግ ራሱ በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ጥሩ ተራኪ ነው፤ ነገር ግን ራሱን ከታሪኩ መካከል የማያወጣ፣ ከእንግሊዝ ሹማምንት ጋር የነበረውንም ቅሬታ የማይደብቅ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የታሪክ መምህር መጽሐፉን እንደ አንድ ምስክር ቃል እንጂ እንደ ፍርድ ሊወስደው አይገባም ብለን እናምናለን። በተለይ አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። በምጽዋ የሠሩት ጥቂት አሜሪካውያን ብቻ አልነበሩም። የመርከቦቹን ሆድ እየፋቁ ይቀቡ የነበሩት ኤርትራውያን ሠራተኞች ናቸው። ከባሕሩ ማዶ የመጡ ዓረቦች ነበሩ፤ የጦር ምርኮኛ የሆኑ የኢጣሊያ መካኒኮችም ነበሩ። የተሰባበሩት መኪናዎች እንደገና የተንቀሳቀሱት ስብርባሪው እየተገጣጠመ፣ እንደ አብነት እየተወሰደና አዲስ ክፍል እየቀለጠ ስለተሠራ ነው፤ ይህም የእጅ ጥበብን የሚጠይቅ ነው። በበጋ ወራት በምጽዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ የመታውን የብረት ወለል በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። በማደሻው ውስጥ፣ በብረት ግድግዳ መካከል ጎንበስ ብለው ዝገት ሲፍቁ የዋሉት ሰዎች ስማቸው በየትኛውም የታሪክ መማሪያ መጽሐፋችን የለም። በየወደቡና በየባቡር ጣቢያው የሠሩ አረጋውያን የነገሩትን የሚያስታውስ ቤተሰብ ቢገኝ፣ ተማሪዎች ጠይቀው ቢጽፉት መልካም ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከማደሻው ቀጥሎ ከተነሡት መርከቦች የመጀመሪያው «ሊበንፌልስ» የተባለው የጀርመን ጭነት መርከብ ነው። በዚህ ላይ የተለመደው ዘዴ ሠርቷል፤ ቀዳዳው ከጎን ስለነበረ ተደፈነና ውኃው በፓምፕ ተቀዳ። ነገር ግን በፓምፕ መቅዳት የራሱ ድንበር አለው። ብዙ ተማሪ ፓምፕ ውኃን «የሚስብ» ይመስለዋል። ፓምፕ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ክብደት ነው። ቶሪቼሊ በ1643 እ.ኤ.አ. በሜርኩሪ እንዳሳየው ይህ ክብደት በባሕር ጠረፍ የሚመዝነው 10 ሜትር ያህል የውኃ ዓምድ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ከ7 ሜትር በላይ መሳብ አይታሰብም። ስለዚህ ከመርከብ ጥልቅ ሆድ ውኃ ለማውጣት ፓምፑ ራሱ እየተከተለ ወደ ታች መውረድ አለበት። በገጠር ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ፓምፑ ከላይ ሳይሆን ከውኃው ውስጥ የሚገባበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ነገራችንን ጥቂት እናቋርጥና፣ አየሩን ከአንድ ዕቃ ጨርሶ ማውጣት ቢፈለግስ? በዚህ በኩል የተሄደው መንገድ ከምጽዋው ፍጹም የተለየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር በ1892 እ.ኤ.አ. በሁለት የመስተዋት ግድግዳ መካከል ያለውን አየር በማስወጣት እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ የሚያቆይ ዕቃ ሠራ። ይህ በየቤታችን ሻይ የምናቆይበት ፔርሙስ ነው። ይኸው ሰው ቆይቶ ከሰል በፈሳሽ አየር ሲቀዘቅዝ በዙሪያው የቀረውን ጋዝ እንደሚውጥ አሳየ። ጋዝ በጣም ሲቀዘቅዝ ይፈስሳል ወይም ይረጋል፤ ከቀዘቀዘ ብረት ላይ ከተለጠፈ በኋላ እንደ ጋዝ አይቆጠርም። እንግዲህ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር በዕቃው ውስጥ ሳይኖር ባዶነት ይፈጠራል። የዛሬዎቹ የዚህ ዓይነት ፓምፖች ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ይሠራሉ፤ ለጠፈር መንኮራኩር መፈተኛና ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ ያገለግላሉ። በምጽዋ አየር እየተነፋ ውኃ ወጣ፤ እዚህ ደግሞ አየሩ ራሱ በብርድ እየተያዘ ይቀራል። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለቱን አነጻጽሮ ማስተማር ይቻላል።

የምጽዋውን ዘዴ በክፍል ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ይህን የምንለው በከተማ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ብቻ አስበን አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ ድንበር ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ግዛት የገቡ ወገኖች በመጀመሪያ ካረፉባቸው ሥፍራዎች አንዱ መንደር 8 ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሳይንስ ዕቃ ባይኖር ጀሪካን አይታጣም፤ ውኃ የሚቀዳበትም የሚጠበቅበትም እርሱ ነውና። ጀሪካን ራሱ ከዚያው ጦርነት የወጣ ነገር ነው፤ ጀርመኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለነዳጅ ሠሩት፤ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ከራሳቸው ቆርቆሮ የተሻለ መሆኑን አይተው ገለበጡት፤ የእንግሊዝኛ ስሙም ለጀርመኖች ከወጣው ቅጽል የተወሰደ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። 3 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ የተሰነጠቀና ውኃ መያዝ ያቃተው የዘይት ጀሪካን ይፈለግ። ስንጥቁ ጠባብ ከሆነ በቢላዋ ይሰፋ። ከሥሩ በኩል 2 ኪሎ የሚሆን ድንጋይ በገመድ ይንጠልጠልበት፤ ድንጋዩ የሚነሣው ሸክም ነው፤ ጀሪካኑ እንዳይገለበጥም ይጠብቀዋል። አፉ ተከፍቶ በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይልቀቁት፤ ውኃው በስንጥቁ ሲገባ አየሩ በአፉ ይወጣና ይሰጥማል። አሁን ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያነሡት ይጠየቁ። አብዛኞቹ ስንጥቁን እንድፈን ማለታቸው አይቀርም። ከዚያ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በአፉ ይግባ፤ ዙሪያው በጨርቅና በሰም ተጠቅጥቆ ይታሸግ፤ አንድ ተማሪ በአፉ ይንፋ። ከስንጥቁ ውኃ እየወጣ ጀሪካኑ ድንጋዩን ይዞ ይነሣል። የበርሜሉ ጥልቀት ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የሰው ሳንባ ከዚያ በላይ መግፋት ይከብደዋል፤ ይህም ራሱ ስለ ግፊት አንድ ትምህርት ነው። ቀጥሎ ከአፉ አጠገብ በምስማር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትበሳና እንደገና ይሞከር። ያ ሁሉ ስንጥቅ ያልከለከለውን የምስማር ቀዳዳ ትከለክለዋለች።

ወደ ምጽዋ እንመለስ። ታላቁ ማደሻ ከተነሣ በኋላ ትንሹም ተነሣ፤ ሌሎች መርከቦችም ተከተሉ። በዚያው ዓመት ክረምት የእንግሊዝ ክሩዘሮች «ዳይዶ»፣ «ዩርያለስ»ና «ክሊዮፓትራ» እየተከታተሉ ለጥገና መጡ። የተነሡት ማደሻዎች ገና መጠገን ስለነበረባቸው ክሩዘሮቹን የተቀበለው ከኢራን ተጎትቶ የመጣ ሌላ ተንሳፋፊ ማደሻ ነው፤ ለእነርሱ መጠንና ክብደት ያልተሠራ በመሆኑ የእያንዳንዷ መርከብ ከፊል አካል በውኃው እንደተንሳፈፈ፣ የቀረው ከውኃ ወጥቶ ታደሰ። ይህም ክብደትን በጥንቃቄ የማመዛዘን ሥራ ነው፤ በአንድ በኩል ትንሽ ቢበዛ ማደሻው ራሱ ይሰበራል። ኤልስበርግ በኅዳር 1942 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ተዛወረ፤ የቀረውን ሥራ እንግሊዞች ቀጠሉ። ወደቡ በኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሠፈር ሆነ፤ በ1982 ዓ.ም. ብርቱ ውጊያ ተደረገበት፤ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የነጻይቱ ኤርትራ ወደብ ነው።

«ኡምብሪያ»ስ? በፖርት ሱዳን አጠገብ በጎኑ እንደተኛ ቀርቷል። የሰጠመበት ሥፍራ ጥልቅ አይደለም፤ ለኮክስም ለኤልስበርግም ዘዴ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ቦምቡ ሳይፈነዳ በጭነት ክፍሎቹ ተደርድሮ ስላለ ማንም አልደፈረውም። የመርከብን ክብደት በአየር ማንሣት ይቻላል፤ ያረጀ ፈንጂ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሆን ግን የአርኪሜዲስ ሕግ አይናገርም። መርከቡ ዛሬም በዚያው አለ፤ የዓሣ መኖሪያ ሆኗል።